በጀውሃ በኩል ያለፉ ድርጅቶች ምን ትተው ሄዱ?

ከሸዋ ሮቢት ወይም ከጀውሃ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ በኮምፒውተር ወይም በኤሌክትሪክ ምህንድስና የተመረቀ ወጣት ከዘመድ አዝማድ የሚሰማው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ ትልቅ ድርጅት ግባ ይሉታል። ምክሩ ክፋት የለበትም። ኢትዮ ቴሌኮም፣ ሳፋሪኮም፣ አየር መንገድ፣ ባሕር ማዶ ያሉት የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችም ቢሆኑ ወር ጠብቆ የሚገባ ደመወዝ፣ ሕክምና፣ ሰው ፊት የሚያስከብር መታወቂያ፣ ትንሽ ሱቅ በሕልሙም የማይገዛው መሣሪያ አላቸው። ወጣቱ በበኩሉ የሚፈራው ነገር አለ፤ ከሺህ ሰው መሀል ጠፍቶ መቅረት፣ አንዲት ቁራጭ ሥራ ሲደጋግሙ ማርጀት፣ ማን እንደወሰነው በማይታወቅ ውሳኔ ከቦታ ቦታ መዛወር። ክርክሩ የዛሬ ይመስላል እንጂ የይፋት ቆላ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ ሲያየው የኖረ ነው። የየዘመኑ ትልልቅ የቴክኒክ ሥራዎች በዚህ ቆላ በኩል አልፈዋል፤ አንዱ ደግሞ ቆላውን ትቶ በሌላ አቅጣጫ በመሄዱ ብቻ የአካባቢውን ዕድል ለውጧል። እነዚህን ሥራዎች ተራ በተራ ሲያዩዋቸው የሚለያቸው የከፈሉት ደመወዝ መጠን አይደለም። ሠራተኛው ከድርጅቱ በር ሲወጣ የተማረውን ይዞ ወጥቶ ሌላ ቦታ እንጀራ ሊያበስልበት ችሏል ወይስ አልቻለም? ልዩነታቸው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው።

ጀውሃ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ መካከል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን የሚጋራት ወንዝ ከምዕራቡ ደጋ ወርዶ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይሄዳል። በአንድ ወገኗ ገደላማው ደጋ፣ በሌላው የአፋር ሜዳ አለ፤ ይፋትን ከጥንት ጀምሮ መተላለፊያ አገር ያደረገው ይህ አቀማመጥ ነው። የወላስማ ሥርወ መንግሥት በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገነነው ከዘይላ ወደብ በሚወጣውና በሚወርደው ንግድ ተደግፎ ነበር፤ ኖራን የመሳሰሉት የድንጋይ ከተሞች ፍርስራሽም የዚያ ሀብት ምስክር ነው። ሥርወ መንግሥቱ ካለፈ በኋላም መንገዱ አልሞተም። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ኮርንዋሊስ ሐሪስ በ1833 ዓ.ም. ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ የደረሰው በይፋት ጠርዝ ወዳለችው ፋሬ ነበር። ግመል የአንኮበርን ዳገት አይወጣምና ጭነቱ እዚያ ወርዶ በንጉሡ ትእዛዝ በተሰበሰቡ ሰዎች ጫንቃ ወደ ላይ ተጓጓዘ። የዚህ መግቢያ በር ጠባቂ ወላስማ ሙሐመድ ይባል ነበር፤ የቀድሞውን ሥርወ መንግሥት ስም እንደ ማዕረግ ይዞ፣ ቀረጡንም የንጉሡን እስረኞችም ጎንቾ በተባለ ስፍራ ሆኖ ይጠብቃል።

ያ የሲራራ ንግድ የዘመኑ ትልቅ ሥራ ነበር። ብዙ ሰው፣ ብዙ እንስሳ፣ ብዙ ገንዘብ ያንቀሳቅሳል፤ በሕግና በቀረጥ ይመራል፤ ጊዜውን ካልጠበቀ ይከስራል። ዕውቀቱ ግን በማንም መዝገብ ቤት አልተቆለፈም። የውኃ ጉድጓዱን፣ የጎሳውን ድንበርና የግመሉን ጠባይ የሚያውቀው አፋሩ ነው። ዋጋውን፣ ቋንቋውንና ሚዛኑን የሚያውቁት በዓልዩ አምባ ገበያ የተቀመጡት የአርጎባና የሐረር ነጋዴዎች ናቸው። አሞሌው ከአፋር ጨው ሜዳ ሲመጣ ማን እንደሚረከበው፣ ቡናው ሲወርድ ማን ዋስ እንደሚሆን ልጅ ከአባቱ ይማረዋል። አንዱ ነጋዴ ቢከስር መንገድ መሪው ለሌላው ያድራል፤ ሙያው ከጌታው ጋር አይቀበርም። ድክመቱ ሌላ ቦታ ላይ ነበር። ሁሉም የተንጠለጠለው በአንድ መንገድ ላይ ነው፤ መንገዱ ከዞረ የሁሉም እንጀራ አብሮ ይዞራል።

መንገዱም ዞረ። ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ወደ ምኒልክ ግቢ ሲመጣ የሸዋ መናገሻ ገና አንኮበር ነበረች፤ ይፋትም እግሯ ሥር። በ1886 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ፈቃድ ሲሰጠው ግን መናገሻው ወደ አዲስ አበባ ወርዷል፤ ሐረርም በምኒልክ እጅ ገብታለች። ስለዚህ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. አዲስ በተቆረቆረችው ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ይፋትን ከነጭራሹ አላያትም። የታጁራው ሲራራ ቀስ በቀስ መነመነ፣ ዓልዩ አምባና ፋሬ የነበራቸውን ሞገስ አጡ። አንድ ትልቅ የቴክኒክ ድርጅት ማንንም ሳይቀጥር፣ ማንንም ሳያባርር፣ በካርታ ላይ ባሰመረው መስመር ብቻ የአንድን አገር ሙያ ዋጋ ሊያሳጣው እንደሚችል ይፋት ያየችው ያኔ ነው። በተቃራኒው ድሬዳዋ ከባዶ ሜዳ ተነሥታ ባለ ዎርክሾፕ፣ ባለ ሰዓት፣ ባለ ፊሽካ ከተማ ሆነች።

ለድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኞች ድርጅቱ ያደረገላቸውን ማሳነስ አይገባም። ከሁሉ በላይ ትልቁ ውለታ ብዙ ጊዜ የማይነገርለት ነው። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ቆዳ የሚፍቅ ሰው በእጁ ሥራ ሲናቅ ኖሯል፤ ቀጥቃጩ ማረሻውን ሲሠራ ይፈለጋል፣ ማዕድ ላይ ግን አይጠራም። ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ለማወቅ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገር እንዳስፈለጋቸው ማየት ይበቃል። አዋጁ ብቻውን ብዙ ያደረገ አይመስለኝም። በድሬዳዋ ዎርክሾፕ ግን ያንኑ ብረት በዚያው እሳት የሚያጋግል ሰው የድርጅት ልብስ ለብሶ፣ በሰዓት ገብቶ በሰዓት ወጥቶ፣ ደመወዝ በፊርማ ሲቀበል ስሙ ተለወጠ፤ የምድር ባቡር ሠራተኛ ተባለ፣ ልጁን የሚድርለት አላጣም። የሠራተኛ ማኅበርም በኢትዮጵያ ቀድሞ የበቀለው እዚያው ነው። የባቡር ሠራተኞች በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ ሕጉ ማኅበር የሚባል ነገር ሳያውቅ፣ ሥራ አቁመው መብት ጠይቀዋል፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የተመሠረተው ከዚያ በኋላ፣ በ1955 ዓ.ም. ነው። ተበታትነው የሚሠሩ መቶ ቀጥቃጮች እንዲህ ያለ ድምፅ ሊኖራቸው አይችልም ነበር። ብዙ ሰው በአንድ ጣራ ሥር መሰብሰቡ ራሱ ኃይል ነው።

ይሁን እንጂ ያ ክብር ከሐዲዱ ጋር የታሰረ ነበር። የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር፣ መለዋወጫው ከፈረንሳይ የሚመጣ፣ በአገሩ ውስጥ ሌላ ባቡር የሚያንቀሳቅስ ድርጅትም የሌለ ያህል ነበር። ሠላሳ ዓመት ሎኮሞቲቭ የነዳ ሰው ሙያው ከፍተኛ ነው፤ ገዢው ግን አንድ ብቻ ነው። መስመሩ እየደከመ ሄዶ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ክፍል በ2000 ዓ.ም. ዙሪያ ሥራ ሲያቆም ያ ሁሉ ሙያ ሜዳ ላይ ቀረ። በመስከረም 2009 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ በሰፊ ሐዲድ ላይ የተዘረጋ፣ በቻይና ኩባንያዎች የተሠራ ነው። የአሮጌው ባቡር ሰዎች የሚያውቁት ለአዲሱ እምብዛም አልጠቀመም፤ አስተዳደሩም እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ በቻይናውያኑ ኩባንያዎች እጅ ቆየ። አንድ አገር መቶ ዓመት ያህል ባቡር ነድቶ እንደገና ከመጀመሪያው መማር ነበረበት።

ይፋት የባሰውን ቀምሳ የተሻለውንም አይታለች። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአዲስ አበባ–ደሴን መንገድ ሲሠራ የጣርማ በርን ተራራ በዋሻ ፈልፍሎ አሳለፈው፤ መንገዱ ከደብረ ሲና ተንከባሎ ወደ ሮቢት፣ ጀውሃ፣ ሰንበቴና ካራቆሬ ወረደ። ባቡሩ የነፈገውን መኪናው መለሰ። ወራሪው ይህን ያደረገው ለጦሩ ሲል ነው፤ ምስጋና የሚገባው ነገር የለም። ከነጻነት በኋላ ግን መንገዱ ላይ የቀረው ሙያ ከባቡሩ ሙያ የተለየ ጠባይ ነበረው። ጣርማ በርን ወርዶ ፍሬኑ የጋለበት፣ ፍሪሲዮኑ የተበላበት ከባድ መኪና ሁሉ አንድ ቦታ መቆም አለበት። በመንገዱ ዳር በተቆረቆሩት ከተሞች ጎማ ሠሪው፣ ባትሪ ሞይው፣ በያጁ፣ መካኒኩ ሙያቸውን የተማሩት ከእንዲህ ዓይነቱ መኪና ሆድ ሥር ተኝተው ነው። ረዳት ሆኖ የጀመረ ልጅ ሹፌር ይሆናል፤ ሹፌሩ ጌታውን ቢጣላ በማግሥቱ የሌላውን መኪና ይይዛል። ከፊያቱ፣ ከመርሴዲሱ፣ በኋላም ከአይሱዙው አንዱን ያወቀ ሌላውን ለማወቅ አይቸገርም። ሙያው በአንድ ድርጅት ቁልፍ አልተከረቸመም፤ እንደ ሲራራው ዕውቀት ሰውየው በሄደበት ይሄዳል።

በ1943 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድርና በአሜሪካውያን ባለሙያዎች እገዛ የተቋቋመው አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ይህንኑ በትልቁ አሳየ። ድርጅቱ ግዙፍ ነበር፤ ወታደራዊ የሚመስል ሥርዓት፣ የራሱ ካምፕ፣ የራሱ መጋዘን፣ ዓለምገና ላይ የራሱ ማሠልጠኛ ነበረው። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሶ አውራ ጎዳናውን ሲሰነጥቀው መሬቱን መልሶ የሚደለድለው ዶዘርና ግሬደር የነበረው እርሱ ነው። ሠራተኛው ስለ ቅሬታው ብዙ የሚለው ነበረው፤ ከቤተሰብ ተለይቶ በካምፕ መኖር፣ በወባ መታመም፣ ፕሮጀክት ሲያልቅ አብሮ ማለቅ። ዶዘር መንዳት ዓለምገና የተማረ ሰው ግን ከአውራ ጎዳና ሲወጣ በአዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻ ላይ፣ በግድብ ሥራ ላይ፣ ኋላም በግል ሥራ ተቋራጮች ዘንድ ያንኑ ማሽን ነዳ። ምድር ባቡርና አውራ ጎዳና ሁለቱም ትልቅ፣ ሁለቱም ከውጭ የመጣ ቴክኒክ የያዙ፣ ሁለቱም ጥብቅ ነበሩ። ለሠራተኞቻቸው ያወረሱት ግን አንድ አይደለም።

ቴሌ የሁለቱን ባሕርይ በአንድ ገላ ይዞ የኖረ ድርጅት ነው። ስልክ በምኒልክ ዘመን ቢገባም ራሱን ችሎ በቦርድ የሚተዳደር ድርጅት የሆነው በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሲቋቋም ነው። በ1973 ዓ.ም. ባለሥልጣን፣ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን፣ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። በ1971 ዓ.ም. የሱሉልታው የሳተላይት ጣቢያ ሲከፈት፣ በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት፣ በ1991 ዓ.ም. ሞባይል ሲጀመር ለአንድ ኢትዮጵያዊ ቴክኒሺያን የዘመኑን መሣሪያ መንካት የሚቻለው በዚህ ቤት ብቻ ነበር። የራሱ ማሠልጠኛ ተቋም አለው፤ ሠራተኛው ከወረዳ ስልክ ቤት ኦፕሬተርነት ተነሥቶ በፈተና ወደ ቴክኒክ ሊያድግ ይችል ነበር። ሌላም ሚዛን የሚደፋ ነገር አለ፤ እርሱም ጡረታ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጡረታ ሥርዓት ሲኖረው የግል ድርጅት ሠራተኛ ተመሳሳይ ሕግ የወጣለት በ2003 ዓ.ም. ነው፤ በመካከሉ ሃምሳ ዓመት አለ። ወላጆች ልጃቸውን “ቴሌ ግባ፣ መብራት ኃይል ግባ” ሲሉ የኖሩት በድንቁርና አልነበረም። ጠንቅቀው ያሰሉት ሒሳብ ነበር፤ እርጅናን የሚያስበው ቤት የመንግሥት ቤት ብቻ ነበርና።

ዋጋው ደግሞ ይህ ነው። የስልክ ኔትዎርክ የሚያውቅ ሰው ሙያውን የሚገዛው አንድ ቤት ብቻ ሆነ። ነገሩ ከገበያ አልፎ ሕግም ነበር፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ያለ ፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠትን በእስራት የሚያስቀጣ አድርጎታል። አንድ ሹፌር ከጌታው ቢጣላ ሌላ መኪና ይይዛል፤ የቴሌ ቴክኒሺያን ግን ያወቀውን በራሱ ስም ልሥራበት ቢል ወኅኒ ይጠብቀው ነበር። መሣሪያውን የሚሸጡት ኩባንያዎችም ዕውቀቱን በየፊናቸው ይዘውታል። በ1999 ዓ.ም. አካባቢ ዜድቲኢ፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ሁዋዌና ዜድቲኢ ኔትዎርኩን በብድር ሲዘረጉ የአገሩ ባለሙያ ከፍተኛውን ቴክኒክ የተማረው በሻጩ መሣሪያ ላይ፣ በሻጩ ሥልጠና፣ ለሻጩ መሣሪያ ብቻ ነው። ኅዳር 2003 ላይ ኮርፖሬሽኑ በፍራንስ ቴሌኮም አማካሪነት ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ሲለወጥ የዚህ ጥገኝነት ሙሉ ዋጋ ተገለጠ። ነባሩ ሠራተኛ እንደገና ተመዝኖ ሲደለደል በሺዎች የሚቆጠሩት ከአዲሱ መዋቅር ውጭ ቀሩ። ካሳ ተከፍሏቸዋል፤ ግን ሃያ ዓመት ኬብል የዘረጋ ሰው ያንን ሙያ ይዞ የሚያንኳኳው ሌላ በር አልነበረውም። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2013 ሁለተኛው ፈቃድ ለሳፋሪኮም ሲሰጥና ኩባንያው በ2015 ዓ.ም. መግቢያ አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር፣ የኢትዮጵያ የቴሌኮም ባለሙያ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ገዢ አገኘ። ስለዚያ ፈቃድ ሲወራ የውጭ ምንዛሪውና የታሪፉ ነገር ብቻ ይነሣል። ለሠራተኛው ትልቁ ለውጥ ግን አለቃውን “እምቢ” ማለት መቻሉ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ግልጽ ነው። ይህ ሁሉ ስለ መውጣት የሚያወራ ሰው መግባት ያላገኘውን የረሳ ይመስላል። በጀውሃ ዙሪያ ማሾና ሽንኩርት አምርቶ ዋጋው በደላላ እጅ የወደቀበት ገበሬ ልጁ ቴሌ ቢቀጠርለት ሙያው ተይዞ የሚወጣ ይሁን አይሁን ደንታው አይደለም፤ የሚታየው ወር በወር የሚላክለት ገንዘብ ነው። ልክ ነው። የደመወዝን ዋጋ የሚያቃልለው ደመወዝ ያልራበው ሰው ነው፤ አንድ የቴሌ ደመወዝ ስንት ተማሪ እንዳስተማረ ቤቱ ይቁጠረው። ነገር ግን ቋሚ ነው የሚባለው ሥራ ቋሚ የሆነው መዋቅሩ እስኪለወጥ ነው። ሕጉ ለተቀነሰ ሠራተኛ የሚያስከፍለው መደበኛ የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ነው፤ ሲደመር ከዐሥራ ሁለት ወር ደመወዝ አያልፍም። የአንድ ሰው የሃያ ዓመት ዕውቀት ከአንድ ዓመት ባነሰ ቀለብ ተመነዘረ ማለት ነው። ሌላ ቦታ የሚሸጥ ሙያ ያለው ሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ ይነሣል፤ የሌለው አይነሣም። ዋስትናን ከልብ የሚፈልግ ቤተሰብ፣ እንግዲህ፣ ሙያው ከድርጅቱ ተይዞ መውጣት መቻል አለመቻሉን ከማንም በላይ ሊጠይቅ ይገባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይጠነክራል። ሙያን ተሸክሞ መዞር ያን ያህል ሀብት ቢሆን የይፋት አርጎባ ሸማኔ ባለጠጋ በሆነ ነበር። ሸማኔው አለቃ የለውም፣ የሚያባርረው የለም፣ ሙያው በእጁ ነው፤ ድኽነቱም እንዲሁ በእጁ ቀርቷል። በፋብሪካ የተሠራ ጨርቅ በገበያው ሲሞላ ነጻነቱ አላዳነውም። ይህን ማስተባበል አይቻልም፤ ማስተባበልም አልፈልግም። ሸማኔው የጎደለው የትልቁ ድርጅት በረከት ነው፤ ካፒታል፣ አዲስ መሣሪያ፣ ከራሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አጠገብ ተቀምጦ መማር። የአባቱን ያህል ያውቃል፤ ከአባቱ በላይ የሚያሳውቀው ቤት አላገኘም። ለዚህ ነው ክርክሬ በትልቅ ድርጅት ላይ የዘመቻ ነጋሪት የማይሆነው። ብቻውን የቆመ ሙያ ይደርቃል፤ በአንድ ድርጅት የተከረቸመ ሙያም ከድርጅቱ ጋር ይሞታል። የሚፈለገው በትልቁ ቤት ገብቶ የሚያድግ፣ ከትልቁ ቤት ወጥቶም የሚኖር ሙያ ነው።

ይህ በኢትዮጵያ ሊሆን እንደሚችል አየር መንገዱ ያሳያል። በ1938 ዓ.ም. በአሜሪካው ቲደብሊውኤ እገዛ ሲመሠረት አብራሪውም፣ መካኒኩም፣ ሥራ አስኪያጁም የውጭ ሰው ነበር። ኢትዮጵያዊ በሥራ አስኪያጅነት ወንበር እስኪቀመጥ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጅቷል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን የአብራሪና የጥገና ትምህርት ቤቶቹ ለራሱ ከሚበቃው አልፈው የሌሎች አፍሪካ አገሮች ተማሪዎችን እስከ ማሠልጠን ደረሱ። የአብራሪና የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ፈቃድ በዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ሥርዓት የሚታወቅ ወረቀት ነው፤ ባለቤቱ ዱባይም ቢሄድ ኪጋሊም፣ ምን እንደሚያውቅ ያነባሉ። የአየር መንገዱ ኃላፊዎች በዚህ ያማርራሉ፤ አሠልጥነን ለባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች ገበርን ይላሉ። ሠልጣኙን ለዓመታት በአገልግሎት ውል የሚያስሩትም ለዚህ ነው። ቅሬታው መሠረት አለው፤ የማሠልጠኛ ወጪ ከሰማይ አይወርድም፣ ልኩን የጠበቀ የአገልግሎት ግዴታም ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን ውጤቱን እንየው። ሰው የሚፈልስበት አየር መንገድ በአፍሪካ ትልቁ ሆኗል፤ ሰው የማይወጣበት ምድር ባቡር ቆሟል። ሠራተኛው ሊሄድ እንደሚችል የሚያውቅ ድርጅት ለማቆየት ይደክማል፣ ማሠልጠኑንም አያቋርጥም። እስረኛ ያለው ድርጅት ግን ምን አስጨነቀው?

ባሕር ማዶ ያለው ምሳሌም ከዚህ አይርቅም። አዲስ አበባ ከኤርትራውያን ወላጆች ተወልዳ ያደገችው ዶክተር ትምኒት ገብሩ በአሜሪካ በአፕልና በማይክሮሶፍት ሠርታ ወደ ጉግል ገባች፤ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባርን የሚያጠናውን ቡድን ከሚመሩት አንዷ ሆነች። በኅዳር 2013 ስለ ግዙፍ የቋንቋ ሞዴሎች ጉዳት ባዘጋጀችው ጥናት ሳቢያ ከአለቆቿ ጋር ተጋጭታ ከድርጅቱ ወጣች፤ እርሷ ተባረርኩ አለች፣ ኩባንያው የመልቀቂያ ጥያቄዋን ተቀበልኩ አለ። የትልቁን ድርጅት ክፉ ገጽ ማየት ለሚሻ ይህ ይበቃል፤ በዓለም ላይ ያለው የማሽን ኃይል በእጅህ ነው፣ የምትናገረው ግን በእጅህ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን እኩል ያስተምራል። በዓመቱ የራሷን የምርምር ተቋም መሠረተች። ይዛው የወጣችው ዕውቀት በጉግል በር ላይ የሚቀር ዓይነት አልነበረም። በ2003 ዓ.ም. ከቴሌ ኮርፖሬሽን የወጣውን ኬብል ሠራተኛ ከእርሷ የለየው ብልኀት ወይም ትጋት ነው ብዬ አላምንም፤ ከደጁ ውጭ የጠበቃቸው ገበያ ሌላ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ይፋት ስንመለስ ባቡሩ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ መጥቶ እናገኘዋለን። የቱርኩ ያፒ መርከዚ በ2004 ዓ.ም. በተፈረመ ውል የሚሠራው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩልም ያልፋል። ምኒልክ ያልሰጣትን ሐዲድ ይፋት በመጨረሻ አገኘች። ሥራው ከተጀመረ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ የአካባቢው ወጣት ብዙ ሠርቷል፤ እንዲህ ባለ ፕሮጀክት እንደተለመደው ግን በአብዛኛው የተረፈው የቀን ሥራ፣ ጥበቃና የቁፋሮ ሥራ ነው። ባቡሩ መደበኛ አገልግሎት ሳይጀምር የኤሌክትሪክ ኃይል እጦት ያዘው፤ ቀጥሎ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. አጣዬንና ሸዋ ሮቢትን ያቃጠለው ግጭትና ጦርነት ደረሰ። የቱርኩ ኩባንያ መሣሪያውን ጠቅልሎ መሄዱ አይቀርም፤ ኩባንያ ነውና አይነቀፍበትም። የሚያስነቅፈው እኛ ምን አስቀረን የሚለው ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ለኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽንና ለሰሜን ሸዋ ዞን አስተዳደር ነው። መስመሩ ሥራ ሲጀምር ለሐዲድ ጥገና፣ ለሲግናልና ለኤሌክትሪክ መስመር የሚያስፈልገው ሰው ከሸዋ ሮቢት፣ ከጀውሃና ከአጣዬ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ይመልመል፤ የሚማረውም የአንድ ሻጭ መሣሪያ መመሪያ ብቻ ሳይሆን የትኛውም የባቡር ወይም የኃይል ድርጅት የሚቀበለው ሙያ ይሁን፤ ሥልጠናው በብቃት ምዘና ተመዝኖ ምስክር ወረቀቱ ለሠራተኛው ይሰጠው፣ በድርጅቱ ፋይል ውስጥ አይቀመጥ። ወጣቱም የቅጥር ውሉን ከመፈረሙ በፊት የደመወዙን መስመር አንብቦ እንዳያቆም፤ የሥልጠናውን፣ የአገልግሎት ግዴታውንና ከሥራ ሲለቅ የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት የሚመለከቱትን አንቀጾች ጨርሶ ያንብብ፤ ከሌሉም እንዲጨመሩ ይጠይቅ።